የድንክዬ ባል

«ድንክዬ ባሏ ሞተባት» አለኝ ሙሳ። ሐረር፣ ኤረር በር ገበያ ቁጢጥ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ከኋላዬ መጥቶ ቆሞ ነው፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

ሽንኩርት ሻጯ ደንግጣ፣ «ምስኪን፤ ልጆች አሏት?» ብላ ጠየቀችው።

ልጆች የሏትም። ድንክዬ ትራክተር ናት። ባሏ የተባሉት ጋሽ ደምሴ ደግሞ ድሬ ጠያራ በነበረው የችግኝ ጣቢያ ከአሥር ዓመት በላይ የነዷት ሾፌር ናቸው። ሙሳ እዚያው ጣቢያው አጠገብ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ጋሽ ደምሴን በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን በደግ አንሥቷቸው አያውቅም። ያን ዕለት ግን አፍንጫውን በፎጣው ጥግ ጠራርጎ፣ «ትናንት ነው። ተኝተው አለፉ ወላሂ፤ ማንንም ሳያስቸግሩ» አለኝ።

ማንንም ሳያስቸግሩ ያደረጉት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። የመረጥኩትን ሽንኩርት እዚያው ትቼ ተነሣሁ። እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣብኝ፤ የጋሽ ደምሴ ነገር ድሮም እንዲሁ ነበር፣ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተኛል።

ያን ጊዜ እኔ የጣቢያው ታይፒስት ነበርኩ። ስሜ ሮማን ነው፤ ድሬ ጠያራ ውስጥ ግን ከጋሽ ደምሴ በቀር በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፤ «ጸሐፊ» ነኝ። የተቀጠርኩት ከጦርነቱ በኋላ፣ መንግሥት ችግኝ ትከሉ እያለ አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን ነው። ኃላፊያችን ከወሩ ሃያውን ቀን ስብሰባ ላይ ስለሚውል፣ ጣቢያውን የምናንቀሳቅሰው እኔና የጽሕፈት መኪናዬ፣ ጋሽ ደምሴና ትራክተራቸው ነበርን።

ትራክተር ይመጣል የተባለ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አዩብ መንገዱን አስፍቶ፣ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ከበሮ አስይዞ ጠበቀ። ሳጥኑ ተከፍቶ የወጣችው ግን ከአህያ ትንሽ ከፍ የምትል ቀይ ነገር ሆነች። አዩብ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞሮ አያትና፣ «እናቷስ?» አለ። ድንክዬ የሚለው ስም ያን ዕለት ወጣላት።

ጋሽ ደምሴ በበኩላቸው ቁመታቸው ለጉድ ነው። የቡልጋ ሰው ናቸው፤ በወታደርነት ሐረር ተመድበው መጥተው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጦር ካሚዮን ነድተው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚሁ ቀሩ። ድንክዬ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ ይደርሳል። ሁልጊዜ ከረባት ያስራሉ፤ ፍግ ሲያመላልሱም ከረባት አለ። ማሽላ መሃል፣ ሰው ቀርቶ ዶሮ በሌለበት፣ ለመታጠፍ እጃቸውን ዘርግተው ምልክት ያሳያሉ። «ለማን ነው ጋሼ?» ስላቸው፣ «ለሕጉ» ይሉኛል።

ሥራዋ ማለቂያ አልነበረውም። ጠዋት ከወንዙ የውኃ በርሜል ታመላልሳለች፤ በእሷ ሰበብ የመንደሩ ሴቶች ጀርባ ዐረፈ። ከዚያ ፍግ፣ ከዚያ ለእርከን የሚሆን ድንጋይ፣ ከዚያ ችግኝ። ትልልቆቹ ትራክተሮች ሊረግጡት የማይደፍሩትን ተራራ እንደ ፍየል ወጥታ ታርሳለች። ጉቶ ትነቅላለች፣ ቺንጋ ታስሮላት በቆሎ ትፈለፍላለች። ምጥ የያዛት ሴት ሳትቀር ተጎታቿ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ሆስፒታል ትደርሳለች፤ ሴትየዋ እየጮኸች፣ ጋሽ ደምሴ በየመታጠፊያው ምልክት እያሳዩ።

«ሁለት አጫጭር ሴቶች ናቸው የሚገዙኝ» ይሉ ነበር። ሁለተኛዋ ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ ቁመታቸው ከባላቸው ብብት አያልፍም፣ ድምፃቸው ግን ከድንክዬ ሞተር ይበልጣል።

መከራችን የጀመረው በአንዲት ፍየል ነው። ጋሽ ደምሴ ድንጋይ ጭነው ቁልቁለት ሲወርዱ የአዩብ ፍየል መሃል መንገድ ላይ ቆማ ታመነዥካለች። ፍሬኑ አልይዝ ሲላቸው፣ ገና እየተንደረደሩ ሳሉ የኋላ ማርሽ አስገቡ። የተሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ቢሮ ተቀምጬ ጥርሴን አመመኝ። ፍየሏ ተረፈች። የኋላ ማርሹ ግን ካምቢዮው ውስጥ እንዳለ ደቀቀ። ፍየሏንም አዩብ በሳምንቱ ለዒድ አረዳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንክዬ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አትሄድም።

ሌላ አገር ቢሆን ሪፖርት ይጻፋል፣ ትጠገናለች። እኛ ግን ለጥገና የሚወሰዱበትን ግቢ አይተነዋል። ለጥቂት ቀን ተብለው የገቡ ትራክተሮች ሣር በቅሎባቸው፣ መቀመጫቸው ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላባቸው ቀርተዋል። ጋሽ ደምሴ ቢሮዬ ገብተው ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ሮማን ልጄ፣ ድንክዬ ከዚህ ከወጣች አትመለስም» አሉኝ። «እኔንም ዘበኛ ያደርጉኛል። በዚህ ዕድሜዬ ቆሜ በር ልጠብቅ? እሺ እኔስ ልጠብቅ፤ የሴቶቹ ውኃስ?»

እኔ የወሩን ሪፖርት እየመታሁ ነበር፤ የትራክተሩ ሁኔታ የሚለው መስመር ላይ ደርሻለሁ። «ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?» አልኳቸው።

«በየግድግዳው ‹ወደፊት› ተብሎ ተጽፎ የለም? እሷም የተባለችውን ነው እያደረገች ያለችው።»

«በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል» ብዬ መታሁ። በየወሩ መታሁት። እጄ ከመልመዱ የተነሣ ኋላ ኋላ ለእናቴ ደብዳቤ ስጽፍ ሁሉ «በሙሉ ጤንነት ላይ እገኛለሁ» እላለሁ።

ወደኋላ ከማትሄድ ትራክተር ጋር መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ደምሴ የትም ከመግባታቸው በፊት ድንክዬን አቁመው ይወርዳሉ፣ ቦታውን በእግራቸው ይዞሩታል፣ ከዚያ «መውጫው የታለ?» ይላሉ። መውጫ ከሌለ አይገቡም። ገበሬው የቁልቋል አጥሩን በሁለት በኩል ከፈተ፤ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ። ጫት የሚተክል ሰው በረድፉ ጫፍ መዞሪያ ይተውላታል። ቤት የሚሠራም መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ጋሽ ደምሴን ጠርቶ ያማክራል።

ነገሩ ውሎ አድሮ ከትራክተርም አለፈ። ሰርግ ቤት ሲጠሩ በሩ ላይ ቆመው «መውጫው የታለ?» ይላሉ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ጮክ ብለው የጠየቁ ቀን እኔን ላብ አጠመቀኝ። ልታጭ ነው ብዬ በደስታ የነገርኳቸው ዕለትም ቀና ብለው አይተውኝ፣ «መውጫውን አየሽው?» አሉኝ። ሳምንት አኮረፍኳቸው። ያንን ሰው ግን አላገባሁትም፣ መውጫውን ሳላየው አልቀረሁም ማለት ነው።

አጥሬን አልቀድም ያለው ሙሳ ብቻ ነው። «ለአንድ ትራክተር ብዬ ለሌባ በር ልክፈት?» አለ። ፍጉን ግን ፈለገ። አንድ ቀን «በጓሮ በኩል መውጫ አለ፣ ወላሂ» አላቸውና ጋሽ ደምሴ በመሐላው አምነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይወርዱ ገቡ። በጓሮ በኩል አለ የተባለው መውጫ ለካ ሙሳ ራሱ በጎኑ የሚሾልክበት ቀዳዳ ነው።

«መውጫ አለ አልክ እኮ» አሉት።

«አለ። እኔ እወጣበታለሁ» አላቸው።

ድንክዬ ከነፍጓ በሙሳ ቤትና በማድቤቱ መሃል ሦስት ቀን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን የሙሳ ሚስት «ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ» አለች። ሙሳ ትንሽ አሰበና አዩብን ጠራ፤ ትንሽ ማሰቡን ሚስቱ እስካሁን አልረሳችለትም።

አዩብ ጉዛ ጠራ። ጉዛ በድሬ ጠያራ ገበሬዎች ዘንድ ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ሰው ማሳ በአንድ ቀን ቆፍሮ የሚጨርስበት ነው፤ ባለ ማሳው ጫትና ምግብ ያቀርባል፣ ሰው እየዘፈነ ይሠራል። ለትራክተር ጉዛ ሲጠራ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ሃያ የሚሆኑ ወንዶች መጥተው ተጎታቿን ፈቱ፤ አዩብ ዘፈን እያወጣ እነሱ እየተቀበሉ፣ ድንክዬን ዳገቱን ወደኋላ ጎትተው አወጧት። ጋሽ ደምሴ መሪውን ይዘው፣ አንገታቸውን ወደኋላ ጠምዝዘው፣ እጃቸውን ዘርግተው ምልክት ያሳያሉ። ሙሳ እያለቀሰ ጫት አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ወደኋላ መሄድ በተፈለገ ቁጥር ጉዛ ነው። ሥራ ሲያበቃ ወደ መጋዘኗ የሚያስገቧትም እንዲሁ በእጃቸው ሆነ፤ ፊቷን ወደ ውጭ አድርገው፣ ጠዋት በገዛ ሞተሯ እንድትወጣ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጉዛ የማይጠራበት ቦታ ገቡ። ጀጎል ውስጥ ላለ አንድ ትምህርት ቤት ችግኝ ይዘን ስንሄድ፣ እኔ ተጎታቹ ላይ ነኝ፣ በጠባቡ መንገድ እንጨት የጫኑ አምስት አህዮች ፊት ለፊት መጡብን። የአህዮቹ ባለቤት ቆጣ ያሉ ሴት ናቸው።

«አንተ ረጅሙ፣ ተመለስ» አሏቸው።

«እመቤቴ፣ እኔስ እመለስ ነበር፤ እሷ አትመለስም።»

«የእኔዎቹስ የሚመለሱ ይመስልሃል?»

እውነታቸውን ነው፤ አህዮቹም ወደኋላ አይሄዱም። ቆመን ተፋጠጥን። መንገዱ ከፊትም ከኋላም በሰው ሞላ፣ ሁሉም ዳኛ ሆነ። በመጨረሻ አንዲት የሐረሪ አሮጊት ከግንቡ በር ብቅ ብለው ነገሩን አዩና፣ «ያ ረቢ» ብለው በራቸውን ብርግድ አደረጉት። አህዮቹ አንድ በአንድ ወደ ግቢያቸው ገቡ፣ ድንክዬ አለፈች፣ አህዮቹ ወጡ። ጋሽ ደምሴ ቆባቸውን አንሥተው እጅ ነሡና ሁለት የፓፓያ ችግኝ ሰጧቸው። የትምህርት ቤቱ ችግኝ ነበር፤ እኔ ምንም አላየሁም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት ያህል ኖርን። ከዚያ ተቆጣጣሪ መጣ።

ካኪ ኮትና ሱሪ የለበሰ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ዶሴ በብብቱ የያዘ ሰው ነው። ሪፖርቶቼን አንድ በአንድ ካገላበጠ በኋላ፣ «ጸሐፊ፣ ለስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያልታመመች ትራክተር እስካሁን አላጋጠመኝም» አለኝ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። «እስቲ ልያት» አለ። ውሸቱ ከታወቀ ድንክዬ ሣር ወደሚበቅልበት ግቢ፣ ጋሽ ደምሴ ወደ ዘበኝነት፣ እኔ ደግሞ የት እንደምሄድ እግዜር ይወቅ።

መብራት አለ፣ በራ። ጥሩምባ አለ፣ ነፋች። ፍሬን፣ ማረሻ፣ ሁሉንም አየ፤ ድንክዬ እንደዚያን ቀን ጨዋ ሆና አታውቅም። ተቆጣጣሪው ዶሴውን ሊያጥፍ ሲል፣ «እንግዲህ ወደኋላ አድርገው መጋዘን ያስገቧትና እንጨርስ» አለ።

ጋሽ ደምሴ ከረባታቸውን አስተካከሉ። መጋዘኑን አዩ፣ እኔን አዩ። መውጫው የታለ ሲሉ ከንፈራቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

ይህን ጊዜ አዩብ ከተቀመጠበት ከአጥሩ ሥር ተነሣ። «ጓድ፣ እሱማ አይሆንም አቦ» አለ።

«ለምን አይሆንም?»

«ቀኑን ሙሉ ስታገለግለን ውላ፣ በገዛ ጉልበትሽ ቤትሽ ግቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እኛ ነን የምናስገባት፤ በእጃችን። ጉዛ ነው።»

«ትራክተር እኮ ናት።»

«ብትሆንስ ጓድ? ደክሟታል።»

ተቆጣጣሪው ተናግሮ ሳይጨርስ አዩብ አፏጨ። ችግኝ የሚተክሉት ወንዶች አካፋቸውን እየጣሉ መጡ። ሙሳ «የዛሬውን ጫት ማን ነው የሚያቀርብ?» ብሎ ሊጀምር ሲል አዩብ በዓይኑ አፈነው። ዘፈኑ ተነሣ፣ ድንክዬ ወደኋላ መንሸራተት ጀመረች፣ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ዘርግተው ምልክት አሳዩ። የተቆጣጣሪው መነጽር በላብ ይሁን በእንባ ጉም ለበሰ። «ይሄ ነው፤ የሰፊው ሕዝብ ተሳትፎ ማለት ይሄ ነው» አለና ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ፤ ከሙሳ ጎን ገብቶም ይገፋ ገባ። የላም እበት ረገጠ፣ አላስተዋለውም። አንድ ቃል የማያውቀውን የኦሮምኛ ዘፈን ከእነሱ እኩል ይቀበላል። እኔ ኮቱን ታቅፌ የታችኛውን ከንፈሬን ነክሼ ቆሜያለሁ።

ድንክዬ ገባች። ተረፍን ብለን ገና ሳንተነፍስ ተቆጣጣሪው ላቡን እየጠረገ ዞረ። «እንዲህ ያለች ጤነኛ ትራክተር እዚህ ተራራ ላይ መባከን የለባትም» አለ። «ቆላ ያለው የመንግሥት እርሻ ትራክተር አጥቶ ይጮሃል። ወደዚያ እንድትዛወር እጽፋለሁ።»

ታማለች ብንል ጋራዥ፣ ድናለች ብንል ቆላ። ሙሳ ቀስ ብሎ፣ «በገዛ እጃችን ገፋናት» አለ።

ደብዳቤው በወሩ መጣ። ጋሽ ደምሴ ችግኝ እያራገፉ ሳሉ ወጥቼ አነበብኩላቸው፤ «በአስቸኳይ ትዛወር» ይላል። ከረባታቸውን ፈቱና ኪሳቸው ከተቱት። ያለ ከረባት ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ድንገት አርጅተው ታዩኝ።

ማግስቱን ድንክዬን በሳሙና አጠቧት። ሴቶቹ ባዶ በርሜሎቻቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ታጥባ ስታበቃ ጋሽ ደምሴ ሞተሯን አስነሡ፤ ጉዛ ሳይጠሩ፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ በአፍንጫዋ መጋዘን ከተቷት። መጋዘኑ በሦስት በኩል የድንጋይ ግድግዳ ነው፣ ወለሉም ወደ ውስጥ ይዘቀዝቃል። ግንባሯ ግድግዳውን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው አቆሟት።

«ጋሼ፣ መውጫው የታለ?» አልኳቸው።

«ዛሬ የለም» አሉኝ። ከረባታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሰሩ።

የቆላው እርሻ ሾፌር የመጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ የቆዳ ጃኬት፣ ጥቁር መነጽር። ጋሽ ደምሴ ቁልፉን በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። «ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ታኮርፋለች፤ ታገሣት» አሉት። ተነሣች። ማርሽ ማስገባት ጀመረ። ያ ድምፅ ተመልሶ መጣ፣ ጥርሴን አመመኝ። ዐሥር ጊዜ ሞከረ። በዐሥራ አንደኛው ወደፊት ሄዶ ግድግዳውን ሳመ።

«አባት፣ እርስዎ እንዴት ነው የሚያስወጧት?»

«እኔ አላስወጣትም። ሰዎች ናቸው።»

«የት አሉ ሰዎቹ?»

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ዘርግተው ምልክት አሳዩት። ከመጋዘኑ በላይ ባለው ጉብታ ከአዩብ ጀምሮ የመንደሩ ወንድ ሁሉ በርጫ ላይ ነው፤ ጫቱን በጉልበቱ ታቅፎ ቁልቁል ያየናል። ሾፌሩ ኑ ብሎ እጁን አወዛወዘ። እነሱም በአክብሮት መልሰው አወዛወዙለት። ጮኸ፤ አዩብ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፣ ከዚያ ከጎኑ ላለው አንድ ቀንበጥ አቀበለ። አንድም የተነሣ የለም። ሾፌሩ ጃኬቱን አውልቆ ብቻውን ጎተታት፣ እግሩ ተንሸራቶ ተቀመጠ። በመጨረሻ ወረቀት ከእኔ ለምኖ፣ «ትራክተሩ ፈጽሞ የማይሠራ ሬሳ ነው» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ሄደ።

እንግዲህ አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ሁለት ወረቀት ተገናኘ። አንዱ በሙሉ ጤንነት ላይ ትገኛለች ይላል፣ ሌላው ሬሳ ናት ይላል፤ ሁለቱም ፊርማ አላቸው። የበላይ አካል መርምሮ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ትራክተሩ ባለበት ይቆይ ሲል ወሰነ። ማጣራቱ መንግሥቱ እስኪወድቅ ድረስ አላለቀም። ሾፌሩ በሄደ በማግስቱ ግን ጉዛ ተጠርቶ ድንክዬ ወጣች፣ ውኃውም መጣ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እሑድ እሑድ ፈላና በር ሰፈር ካለው ቤታቸው እየሄድኩ ምሳ እበላ ነበር። የቤታቸው በር ክፉ ነው፤ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ይላተማል። ስለዚህ ከሥሩ አንድ ከባድ ብረት አስደግፈውታል፤ በሩ ሲቀባ አብሮ አረንጓዴ የተቀባ። ስንት ጊዜ የእግሬን ጣት እንደመታኝ አትጠይቁኝ። «ጋሼ፣ ምናለ በድንጋይ ቢለውጡት?» ስላቸው፣ «ድንጋይ ይንከባለላል፤ እሱ የትም አይሄድ» ይሉኛል። እትዬ ብዙነሽ ወጥ እያወጡ ድንገት ይስላሉ።

መንግሥት የወደቀ ሰሞን ጣቢያው ተዘረፈ። የጣሪያው ቆርቆሮ ሄደ፣ የጽሕፈት መኪናዬ ሄደች፣ የኃላፊያችን ወንበር በሰው አናት ላይ ሆኖ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ለድንክዬም መጡ። ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዳቸው አፍንጫዋን ግድግዳ አስነክተው፣ ቁልፉን እላይዋ ላይ ትተውላቸዋል። ሰዎቹ ሲያንጫጯት ቆይተው፣ ረግመዋት፣ ማሽላ ተሸክመው ሄዱ። ድሬ ጠያራ ውስጥ የመንግሥት ከነበረ ንብረት የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸው እስኪደክም ነዷት፤ ከእሳቸው በኋላ አዩብ ያዛት፣ ጉዛውም እንደ ቀጠለ ነው።

ከቀብር መልስ ፈላና በር ቤታቸው ገባሁ። ግማሹ ድሬ ጠያራ እዚያ ነው፤ አዩብ ሻይ ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ሙሳ አጠገቡ አቀርቅሯል። እኔም አላመለጥኩም፤ በሩ ላይ ያ ብረት ጣቴን መታኝ። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ሳሽ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ታየኝ። ጥርስ አለው። ዙሪያውን በሙሉ ጥርስ አለው።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?»

«ማርሹ ነዋ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «የድንክዬ የኋላ ማርሽ። ያ ባለ ቆዳ ጃኬቱ በመጣ በዓመቱ የድሮ የጦር ጓደኛው ከድሬዳዋ ፈልጎ አግኝቶ ላከለት። አዲስ ነው፣ ከነወረቀቱ።»

«ታዲያ ለምን አልገጠሙትም?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ከረመ። ከዚያ ‹ብዙዬ፣ ይህን ከገጠምኩላት የመጣ ሁሉ ይዟት ይሄዳል› አለና በሩ ሥር አኖረው። እንዳልተነፍስ አስማለኝ።»

አዩብ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

«ስንት ዓመት ነው እትዬ?»

«ኧረ እኔ እንጃ፤ አሥር ያልፈዋል።»

«ወገቤ» አለ አዩብ። «ወላሂ ወገቤ። እኔ በየቀኑ ስገፋ፣ በየቀኑ ስጎትት፣ ማርሹ እዚህ ተቀምጦ በር ይጠብቃል?»

መጀመሪያ የሳቀው ሙሳ ነው። ቀጥሎ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ተረሳ። እትዬ ብዙነሽ እየሳቁ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይስቃሉ፤ እኔም ከእሳቸው አልተሻልኩም። ሳቁ ሲበርድ ብረቱን አንሥተው ለአዩብ ሰጡት።

«ውሰደው፤ አሁን የአንተ ነው። ግጠምላትና ወገብህ ይረፍ። ማንም የሚወስዳት የለም ዛሬ።»

አዩብ ማርሹን በሁለት እጁ ይዞ መዘነው። በጥፍሩ ቀለሙን ፋቀው፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ዳሰሰው። ከኋላው በሩ ተላተመና ተዘጋ፤ ውጭ ለቅሶ ለመድረስ የመጡ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ተነሥቶ በሩን ከፈተው፣ ጎንበስ አለና ብረቱን ከነበረበት ቦታ መልሶ አስደገፈው።

«ይቅር እትዬ» አለ። «ሰው እየመጣ ነው፤ በሩ ይዘጋል።»